ከአገልጋይ ቤት የወጣ ብዕር

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ሰሜን ናይጄሪያ እንወስዳችኋለን። የምናወሳቸውም የአገሪቱን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር አልሃጂ አቡበከር ታፋዋ ባሌዋን ነው።

አቡበከር እ.ኤ.አ. በ1912 ባውቺ አካባቢ ሲወለዱ አባታቸው በወረዳው ሹም ግቢ የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ። ሀብትም ሆነ የዘር ክብር አላወረሷቸውም። ቁርኣን ቀርተው፣ በካትሲና ኮሌጅ ተምረው በ1933 መምህር ሆኑ። በዚያው ዘመን ዛሪያ ላይ በተዘጋጀ የድርሰት ውድድር በሀውሳ ቋንቋ «ሸይኹ ዑመር» የተሰኘ ልቦለድ ጻፉ። ታሪኩ ከእናቱ የተነጠቀና በባርያ ነጋዴዎች መንገድ እስከ ግብፅ የደረሰ ሕፃን ታሪክ ነው። ያ ልጅ በሰብር ዒልምን ይዞ ዓሊም ሆኖ ይመለሳል። ወገን ወገኑን እንዴት እንደሸጠ ሳይሸሽጉ መጻፋቸውን ልብ በሉልን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን ተምረው ሲመለሱ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ከዚያም ወደ ምክር ቤት ገቡ። ንግግራቸው ጆሮን ስለሚስብ «ወርቃማው ድምፅ» ተባሉ። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ ጥቅምት 1 ቀን 1960 አገራቸውን ለነፃነት አበቁ። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ አዲስ አበባ ተገኝተዋል። ንክሩማ አፍሪካ ባንድ ጊዜ በአንድ መንግሥት ትዋሐድ ሲሉ፣ እርሳቸው ግን በመተባበር ቀስ በቀስ እንሂድ ባዮች ነበሩ።

ሆኖም እርጋታቸው ሁሉን አላዳነም። የ1964ቱ ምርጫ በውዝግብ ተበላሸ፤ በ1965 የምዕራቡ ክልል በሁከት ታመሰ። ቆራጥ እርምጃ አልወሰዱም ብለው የወቀሷቸው ብዙ ነበሩ፤ ወቀሳውም መሠረት አልነበረውም አንልም። ጥር 15 ቀን 1966 ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ከቤታቸው ወሰዷቸው፤ ከቀናት በኋላ አስከሬናቸው ከሌጎስ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ተገኘ። ቀብራቸውም በባውቺ ተፈጸመ።

ወንድሞችና እኅቶች! ሥልጣኑ ከዘጠኝ ዓመት አላለፈም። ቀጭኗ መጽሐፍ ግን ዛሬም ትነበባለች። የአገልጋይ ልጅን ከጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር ያደረሰው ዒልም ነው። እኛስ በየቤታችን የሠራተኛውን፣ የዘበኛውን፣ የተሸካሚውን ልጅ እንዲማር እያገዝን ነውን? ከመካከላቸው ማን ብዕር እንደሚይዝ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።