እንዶድና የተፈበረከ አለማወቅ

የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ ሸማ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ይህ የእናቶች ዕውቀት ወደ ሳይንስ መድረክ በቀረበ ጊዜ ግን «ገና አልታወቀም» የሚለው ቃል የፖሊሲ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት ተመለከቱ። የበሽታው ተውሳክ የሚራባው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ በመሆኑ ግኝቱ ቀላል አልነበረም። በዚያው ከተማ ለአምስት ዓመታት በተካሄደ ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት የእንዶድ መርዛማነት በበቂ ሁኔታ አልተመረመረም በማለት ድጋፉን ለረጅም ዓመታት ነፈገ። ጥያቄው ከመሠረቱ የተሳሳተ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይንም ይቆጠቁጣል። ወደ ውሃ የሚጨመር ነገር ሁሉ መፈተሽ ይኖርበታል። ስሕተቱ ሌላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ደጋግመው እንዳስረዱት፣ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት እምነት አይጣልበትም ነበር፤ እጅግ ውድ የሆነ ምርመራ ሲጠየቅም ወጪውን የሚሸፍን አልተገኘም። ማስረጃ አምጡ እየተባለ የማስረጃው በር ሲዘጋ፣ አለማወቅ የተፈጥሮ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ በሰው እጅ የተፈበረከ ዕቃ ይሆናል። ክርክሩ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ሆኖ ሲከርም፣ ከውጭ የሚገዛው ውድ ኬሚካል ቦታውን ይዞ ቆየ።

በመጨረሻ ምርመራው በካናዳ ድጋፍ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ግን የቢልሃርዝያ መከላከያ ዘዴ ወደ ፕራዚኳንቴል ክኒን አዘንብሎ ነበር።

ዛሬ ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በተለይም በሰበታ የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዞችን መበከሉ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። እንዶድ ደኅንነቱን እንዲያስመሰክር የተጠየቀውን ያህል ፍሳሹም ሊጠየቅ ይገባል። የማስረጃው ሸክም ሊወድቅ የሚገባው ፍሳሹን በሚለቀው ላይ እንጂ ከወንዙ በሚቀዳው ገበሬ ላይ አይደለም። ደካማውን ብቻ የሚመዝን ሚዛን ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።