ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጠኛው ጆሮ ምስል፦ ከወልድያ ለሚላኩ ሕፃናት

ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከ40,000 በላይ ሰዎችን አጥቅተዋል። የኒሞኮከስ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011፣ የማጅራት ገትር ኤ ክትባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መሰጠት ቢጀምርም በሽታው ዛሬም የሕፃናትን መስማት እየነጠቀ ነው። ለእነዚህ ሕፃናት ኮክሌር ኢምፕላንት ሲታሰብ ወሳኙ ጥያቄ ምስሉ መቼ ተነሳ የሚለው ነው።

ምክንያቱ ከኮክሊያው ሥሪት ይመነጫል። ኢንፌክሽኑ ከአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ተነስቶ በጠባብ ቦይ ወደ ኮክሊያው ሲዘልቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ከክብ መስኮቱ አጠገብ ነው። ቁጣው ሲበርድ በፈሳሹ ቦታ ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳውም አጥንት ይሆናል። ይህ አንዳንዴ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። ቀዶ ሐኪሙ ኤሌክትሮዱን የሚያስገባው ደግሞ በዚያው በክብ መስኮቱ በኩል ነው።

ሲቲ ስካን አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፤ የፊት ነርቭ የሚያልፍበትን መስመርና የተፈጥሮ ጉድለትን ለማወቅ የግድ ነው። ትኩስ ጠባሳን ግን ከፈሳሽ አይለይም። ስለዚህ «ሲቲው ደህና ነው» የሚል ውጤት ብቻውን ሊያዘናጋን አይገባም። በቲ2 ኤምአርአይ ጤናማ ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የመጀመሪያው ጥምዝ ነጭነቱን ካጣ መዘጋት ጀምሯል ማለት ነው። የመስማት ነርቭ መኖር አለመኖሩንም በግልጽ የሚያሳየው ይኸው ምርመራ ነው።

ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር ቀበሌ መጥቶ ወልድያ ታክሞ የዳነ ጨቅላ አለመስማቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ገና አፉን ያልፈታ ልጅ መስማት አቁሞ እንደሆነ ወላጅ በምን ይለያል? ከዚያ ወደ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቃቸዋል። ቀጠሮ ሲጠበቅ አጥንቱ ያድጋል። ሕፃን ኤምአርአይ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ስለሚያስፈልገው፣ ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ጉዞ ቢታዘዙ ለቤተሰቡም ቀላል ይሆናል።

የሕፃናት ክፍል ሐኪሞች እባካችሁ የማጅራት ገትር ታካሚ ከመውጣቱ በፊት መስማቱ እንዲመረመር አድርጉ፤ ምርመራው በቅርብ ከሌለም ሳትዘገዩ ወደ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ላኩት። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። የራዲዮሎጂ ሐኪሞችም የመጀመሪያው ጥምዝ ክፍት መሆኑንና ነርቩ መኖሩን በየጆሮው ለይታችሁ መዝግቡ።