አና ካሬኒና በፊልም

አና ካሬኒና ሩሲያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ የፈጠራት የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ስትሆን፣ ከድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን አንስቶ ደጋግመው ለፊልም ከበቁ ሴቶች አንዷ ናት። ልቦለዱ ከ1875 እስከ 1877 «ሩስኪ ቬስትኒክ» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1878 በመጽሐፍ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት የሆነችው አና፣ የመኮንኑ የቭሮንስኪ ፍቅር ይዟት ቤቷን ጥላ ትወጣለች፤ ሕይወቷም በባቡር ሐዲድ ላይ ያልፋል። ፊልም ሠሪዎች ይህን የታሪክ አጥንት ይዘው ይነሣሉ። የአና አእምሮ ግን በየፊልሙ ሌላ መልክ ያወጣል፤ ከአንዳንዱም ጨርሶ ይጠፋል።

ለገጸ ባሕርይዋ መነሻ የሆነው በጥር 1872 ከቶልስቶይ ርስት አጠገብ ራሷን ባቡር ሥር የጣለች አና ፒሮጎቫ የተባለች ሴት አሟሟት ነው፤ ደራሲው አስከሬኗን በዓይኑ አይቷል። መልኳን ግን የወሰደው ከባለቅኔው ፑሽኪን ልጅ ከማሪያ ሃርቱንግ እንደሆነ ይነገራል። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው፤ ትውልዱን ወደ ካሜሩን አካባቢ የሚወስዱ ተመራማሪዎችም አሉ። የአና ማጅራት ላይ የሚወርዱት ጥቁር ጥቅልል ፀጉሮች፣ ይህን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከውበት ያለፈ ነገር ይነግሩታል።

የመጽሐፏ አና የምታነብና የምታስብ ሴት ናት። በስድስተኛው ክፍል በቭሮንስኪ ርስት ስትኖር ስለ እርሻና ስለ ሕንፃ ሥራ መጻሕፍት እያገላበጠች፣ እሱ ራሱ እስኪያማክራት ድረስ ትማራለች፤ የሚያሠራው ሆስፒታል ያሳስባታል፤ በኋላም የልጆች መጽሐፍ ትጽፋለች። ከእንግዲህ እንደማትወልድ ቆርጣ ለወንድሟ ሚስት ለዶሊ ስትነግራት፣ ብዙ ልጆች ያሳደገችው ዶሊ በድንጋጤ ትዋጣለች። ከቭሮንስኪ የወለደቻትን ሴት ልጅ እንደ ወንድ ልጇ እንደ ሴርዮዣ ልትወዳት አልቻለችም። ሞርፊን ካልወሰደች እንቅልፍ አይዛትም። የመጨረሻዋ ቀን ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ትዝታና ጥላቻ እየተቀላቀሉ የሚፈስሱበት የውስጥ ንግግር ነው። እንዲህ ያለውን ለካሜራ ማስረከብ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከፊልሞቹ የጎደለው ሁሉ በካሜራ አቅም ማነስ የሚመካኝ አይደለም።

በ1927 ግሬታ ጋርቦና ጆን ጊልበርት የተጫወቱበት የኤድመንድ ጎልዲንግ ድምፅ አልባ ፊልም «ፍቅር» ተብሎ ወጣ። ሁለት መጨረሻዎች ነበሩት። በአንደኛው አና ትሞታለች። ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በቀረበው ሌላኛው ግን የሚሞተው ባሏ ነው፤ ፍቅረኞቹም ከዓመታት በኋላ ልጇ በሚማርበት የጦር ትምህርት ቤት ይገናኛሉ። ቶልስቶይ ጎን ለጎን ያቆማቸው ፍቅርና ፍርድ በዚህ አንድ ትዕይንት ተበታተኑ።

ጋርቦ በ1935 በክላረንስ ብራውን ፊልም ወደ አና ተመለሰች፤ የኒው ዮርክ ፊልም ተቺዎች ማኅበርም በምርጥ ተዋናይትነት ሸለማት። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ይጠብቅ ነበርና፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደችው ሕፃን ከታሪኩ ወጣች። ጉዳቱ ከአንዲት ሕፃን መቅረት ይበልጣል። ሁለት ልጆቿን እኩል መውደድ አቅቷት ራሷን የምትወቅሰው ሴት ጠፍታ፣ በአንድ ልጇ ናፍቆት የምትቃጠል ንጹሕ እናት ተተካች። ጋርቦ ይህችኛዋን በሚያስደንቅ ጥበብ ተጫውታታለች፤ ግን ቀላሏን አና ነው የተሰጣት።

በ1948 ቪቪየን ሊ በብሪታንያ፣ በ1967 ታቲያና ሳሞይሎቫ በሶቪየት ኅብረት አናን ሆነው ቀረቡ። በአሌክሳንድር ዛርኺ በተዘጋጀው የሶቪየቱ ፊልም ቭሮንስኪን የተጫወተው ቫሲሊ ላኖቮይ፣ ቀደም ሲል የሳሞይሎቫ ባል ነበር። የካሬን ሻኽናዛሮቭ የ2017 ሥራ ደግሞ ትረካውን ለቭሮንስኪ ሰጥቶ፣ በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ጊዜ በማንቹሪያ ለጎለመሰው ለሴርዮዣ እንዲያወራ አደረገ። በዚያ አና የሁለት ወንዶች ትዝታ ናት።

የጆ ራይት የ2012 ፊልም፣ በቶም ስቶፓርድ ጽሑፍ፣ አብዛኛውን ታሪክ በአሮጌ ቴአትር ቤት ውስጥ አስገብቶታል። ኪራ ናይትሊ የምትጫወታት አና በሄደችበት ሁሉ ተመልካች ይከባታል፤ የውስጥ ንግግሯ ባይሰማም የሚያስጨንቃት ዓይን ይታያል። ይበልጥ የሚያስገርመው በኬሊ ማክዶናልድ የተሠራችው ዶሊ ናት። መጽሐፉ የሚከፈተው በእሷ የተበጠበጠ ትዳር ሲሆን አና የምትመጣው በ18ኛው ምዕራፍ ነው፤ ሲኒማ ግን ዶሊን ብዙ ጊዜ ወደ ጥግ ይገፋታል። ስቶፓርድ ሁሉም ባገለላት አና አጠገብ አስቀምጧት፣ የሚጠይቃት ቢኖር እሷም እንደ አና ታደርግ እንደነበር በአንደበቷ ያናግራታል። በልቦለዱ ዶሊ ይህን የምታስበው ወደ አና ስትጓዝ በሠረገላ ላይ ብቻዋን ነው፤ ለማንም አትናገረውም። አንድ ሌሊት አድራም ልጆቿ ናፍቀዋት በማግስቱ ወደ ቤቷ ትገሠግሣለች።