ካራቆሬ ወይስ ማጀቴ? በይፋት ቆላ የሚደርሰውን የተፈጥሮ አደጋ ስለ መገመት

የይፋት ታሪክ ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው የወላስማዎች መንግሥትና ወደ ባሕር የሚወርደው የነጋድያን መንገድ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሕዝቡ የቆመበትን መሬት ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ያለውን ቆላ የሚያሠጋውን አደጋ የሚገምት ሰው በየትኛው መዝገብ ይመራል?

በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ በመጻሕፍት የሚታወቀው በካራቆሬ ስም ነው። ነውጡ የጀመረው በግንቦት ማለቂያ ሲሆን፥ ከሁሉ የበረታው ግንቦት 24 ለ25 አጥቢያ ሌሊት ደረሰ። መጠኑም 6.5 ያህል ሆኖ ተለካ። ከዚያ በኋላ ምድር ለወራት አላረፈችም። ከካራቆሬ ቤቶች ከመቶ 45ቱ ፈረሱ፤ ከከተማይቱ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የደሴ መንገድ በናዳና በመሬት መሰንጠቅ ተበላሸ፤ 5,000 ያህል ሕዝብም ያለ ቤት ቀረ። ማጀቴ ግን ፈጽማ ፈረሰች።

እንግዲህ የጠፋችው ማጀቴ ስትሆን ስሙን የወሰደችው ካራቆሬ ስለ ምን ሆነች? ካራቆሬ በአውራ ጎዳናው ላይ ስላለች ይመስለናል። ማጀቴ ከጎዳናው ወደ ምዕራብ ገባ ብላ በተራራው በኩል ትገኛለች። የተሰነጠቀውን መንገድ መንገደኛውም መሐንዲሱም ያየዋል፤ በዳገት ላይ የወደቀውን ጎጆ የሚያየው ባለቤቱ ነው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራውን ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። ኀላፊው አባ ፒየር ጉዌን በ1971 ዓ.ም. በታተመው የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው የማጀቴን ጥፋት ባይመዘግቡልን ኖሮ፥ እኛም ከካራቆሬ ስም በቀር የምናውቀው ባልኖረ ነበር። መሣሪያ የነውጡን ኀይል ይነግረናል፤ ማን እንደ ተጎዳ ግን አይነግረንም።

ሸዋ ሮቢትን ዓመት በዓመት የሚያሠጋት የሮቢ ወንዝ ነው። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣው ይኸው ወንዝ በክረምት ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብላለች፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማይቱ ፀሐይ ሳለ በላይ የዘነበው ጎርፍ ሊደርስባት ይችላል፤ ሰማይዋን ብቻ የሚመለከት ሰው ይሳሳታል።

ከዚህም በላይ ጎርፉ ከናዳው ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. መግቢያ፥ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ በደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ መሬቱ ተንሸራትቶ ከ1,000 በላይ ቤቶችን አበላሸ። ከዳገት የወረደ ድንጋይና አፈር ወንዝ ውስጥ ሲገባ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ትናንት በዳር የቆመ ውኃ ዛሬ እርሻውን አልፎ ይገባል። ናዳን ለብቻው፥ ጎርፍን ለብቻው የሚቈጥር መዝገብ ይህን አያሳይም። ገበሬው ተመልሶ በአሮጌ ናዳ ላይ ሲሰፍርም ባለማወቅ አይደለም፤ የተንሸራተተ አፈር ልል ነው፥ ውኃም ይይዛል፥ ሌላም መሬት የለውም። በዚህ ነገር ገበሬውን የሚወቅስ ጽሑፍ ስናነብ ቅር ይለናል።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። ይፋትም በዚያው ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው። በ1953 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ የማጀቴ ሰው ዛሬ 75 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የትኛው ቤት አስቀድሞ ወደቀ? የድንጋዩ ነው ወይስ የጭቃው? ምንጩ ደረቀ ወይስ ጨመረ? ከብቱ የት አደረ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ከጎዳናው ወደ ምዕራብ የሚወጣ ተማሪ ሽማግሌዎቹን በሕይወት ሳሉ ሊያገኛቸው ይገባል።