ከመኪና በፊት የተተከለ ድንጋይ

ለንደን ውስጥ የገዛነው ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው፤ ግንበኞቹ መኪና የሚባል ነገር አላዩም። የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ከፍ አድርገው የተከሉት እግረኛው ከጋሪ እንዲጠበቅ፣ የዝናቡም ውሃ በቦዩ እንዲወርድ ነው። ከቤቱ ፊት ያለችው ጠባብ ግቢ የአበባ ቦታ ነበረች።

መኪና ሲበዛ ብዙ ሰው አበባውን ነቅሎ ግቢውን ማቆሚያ አደረገ። መኪናው እንዲገባ ዝቅ ማለት ያለበትን ጠርዝ ግን ማንም እንዳሻው አያወርድም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ፣ በአንቀጽ 184፣ ሥልጣኑን ለመንገድ አስተዳደሩ፣ ወጪውን ለባለቤቱ ሰጥቷል። ትክክል ነው እላለሁ፤ ከእግረኛው መንገድ ሥር የውሃና የጋዝ ቧንቧ፣ የመብራትም ገመድ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሰኔና ሐምሌ እንግሊዝን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ የፊት ግቢን ውሃ በማያሳልፍ ነገር መሸፈን፣ ውሃው እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲሰርግ ካልተደረገ፣ የፕላን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኛም ለመኪና ማቆሚያችን ጠጠር መረጥን።

ጠርዙ ሲወርድ የሰፈሩ የነበረ አንድ ማቆሚያ የአንድ ቤት መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ ጠርዙን ለማስወረድ ማመልከቻ ከማስገባታችን በፊት ጎረቤቶቻችንን አነጋገርናቸው።