አምስት አንብብ፣ አንድ ጻፍ

እ.ኤ.አ. በ2002 ለኬን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከታጩት መካከል ሁለቱ ቀድሞ የሚተዋወቁ ወዳጆች ነበሩ። አንደኛው ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና፣ ሁለተኛዋ ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ። ዛሬ ሁለቱን የማያውቅ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ማግኘት ይቸግራል። ያኔ ግን የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ አንዳቸውም ገና ልብ ወለድ መጽሐፍ አላሳተሙም። ትውውቃቸው ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የተገናኙት በኢንተርኔት የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ረቂቅ እያነበበ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን የእንዲህ ዓይነቱ ወርክሾፕ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈናል።) ታሪኩን የመረጥነው ስለ ራሳችን የሚነግረን ደስ የማይል ነገር ስላለ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እንናዘዛለን።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ነበረ። የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1936 የጸሐፊዎች ወርክሾፑን ሲጀምር «ደራሲነት በትምህርት ይገኛል ወይ?» የሚለው ክርክር አልበረደም ነበር፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ዘዴው ግን ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። የአንዳቸውን ሥራ ሁሉም አንብበው መጥተዋል። ባለቤቱ አፉን ዘግቶ ይሰማል፤ ሌሎቹ ይከራከሩበታል። የት እንደሰለቻቸው፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳላሳመናቸው፣ የትኛው ገጽ ቢወጣ ማንም እንደማያጣው ይነግሩታል። ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ስመ ጥር ጸሐፊዎች ወጥተዋል። ችግሩ ጠረጴዛው ያለው አዮዋ መሆኑ ነው። ቤተሰብ ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ገንዘብ የሌለው ሰው እንዴት ይድረስበት?

ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ መልስ ይዞ ብቅ ያለው ነጋዴ ነው። በ1961 በኮነቲከት ግዛት «የዝነኛ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤት» የሚባል ድርጅት በፖስታ ማስተማር ጀመረ። ስማቸው የገነነ ደራሲዎችና አሳታሚዎች ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አዋሱት። በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ የሚወጣው ማስታወቂያ፣ እነዚያ ዝነኞች የተማሪውን ወረቀት ቁጭ ብለው የሚያርሙ ያስመስል ነበር። ሰው በገፍ ተመዘገበ። የቤት እመቤቱ፣ ጡረተኛው፣ የቢሮ ጸሐፊው፣ ማታ ማታ የጻፈውን በፖስታ ይልክ ጀመር።

በ1970 ጄሲካ ሚትፎርድ የምትባል ጋዜጠኛ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ጉዱን ዘረገፈችው። ዝነኞቹ የተማሪ ጽሑፍ በዓይናቸውም አያዩም ነበር። የመግቢያ ፈተናው ማንንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያሳልፋል፤ ከተመዘገበው ውስጥ ብዙው ግን ትምህርቱን አይጨርስም። ያቋረጠው ተማሪ ደግሞ የከፈለው ገንዘብ አለ፣ የሚታረምለት ወረቀት ግን የለውም። ለድርጅቱ ከዚህ የተሻለ ተማሪ ከየት ይመጣል? ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1972 ድርጅቱ ከሰረ።

ይህን ታሪክ ስናነብ መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይቶ አሳዘነን። እነዚያ ሰዎች ተላሎች ስለነበሩ አይመስለንም የተታለሉት። አንባቢ ፈልገው ነው። «ዕውቅ ሰው ጽሑፍህን ያነባል» ለሚል አንድ ተስፋ ኪሳቸውን አራገፉ።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በ1995 ለሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች «ክሪተርስ» የሚባል ወርክሾፕ በኢሜይል ተከፈተ። ክፍያ የለውም፤ ግዴታ ግን አለው። አባል ሆኖ ለመቆየት ከአራት ሳምንት በሦስቱ ቢያንስ የአንድ ሰው ሥራ አንብቦ አስተያየት መጻፍ ያስፈልጋል። ዝም ብሎ መቀበል የለም።

የ«ጎድፋዘር» ፊልም ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላም በ1997 «ዞትሮፕ፦ ኦል ስቶሪ» የተባለ የአጭር ልብ ወለድ መጽሔት ካቋቋመ በኋላ፣ መጽሔቱ የኢንተርኔት ወርክሾፕ ከፈተ። ደንቡ አንድ መስመር ነው። የራስህን አንድ ታሪክ ለማስገባት አስቀድመህ የሌሎች ሰዎችን አምስት ታሪክ አንብበህ አስተያየት ትሰጣለህ። አምስት አንብብ፣ አንድ አስገባ። አለቀ።

የፖስታው ትምህርት ቤትና ይህ ደንብ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ያኛው የሸጠው የዝነኛ ሰው ዓይን ነበር፤ ዝነኛ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። ይኼኛው የጠየቀው የእኩያን ዓይን ነው፤ ክፍያውም ያው ዓይን ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይነበብ የሚቀር ሰው አልነበረም።

ሌላም ጥቅም አለው፤ እኛ በኋላ ነው የገባን። ሰው የራሱን ጽሑፍ ጉድለት አያይም። ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያነብምና። የሌላውን ግን ወዲያው ያየዋል። ዋና ገጸ ባሕርይው ከእንቅልፉ በመንቃት የሚጀምር ታሪክ አንድ ጊዜ ብታነቡ ምንም አይመስላችሁም። ሁለተኛ ስታነቡ ትጠረጥራላችሁ። ሦስተኛውን ስትጨርሱ ቤታችሁ ገብታችሁ የራሳችሁን የመጀመሪያ ገጽ ትሰርዛላችሁ፤ የእናንተም ጀግና ሲነቃ ነበር የሚጀምረው! አምስቱን እንዲያነቡ የሚያስገድደው ደንብ ለሌላው የተደረገ ውለታ ይመስላል፤ የበለጠ የሚጠቅመው ግን አንባቢውን ራሱን ነው።

ወደ ሁለቱ ወዳጆች እንመለስ። የአዲቼ «ዩ ኢን አሜሪካ» የወጣው በዚያው በዞትሮፕ የኢንተርኔት እትም ላይ ነበር። የዋይናይና «ዲስከቨሪንግ ሆም»ም የወጣው በኢንተርኔት መጽሔት ነው። ያኔ ብዙ ሰው በኢንተርኔት የወጣን ጽሑፍ እንደታተመ አይቆጥረውም ነበር፤ ሁለቱ ግን ለሽልማት በቁ። ዋይናይና አሸነፈ፤ 15 ሺህ ዶላር አገኘ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2003፣ ከጓደኞቹ ጋር ናይሮቢ ላይ «ክዋኒ?» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት መሠረተ። «ምን ይጠበስ?» እንደማለት ነው ስሙ። በዚያው ዓመት የኬን ሽልማትን ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ኢቮን አዲያምቦ ኦዎር ታሪኳ የወጣው በዚሁ መጽሔት ላይ ነበር። አዲቼ በ2003 የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። በኋላም በሌጎስ ለወጣት ጸሐፊዎች ወርክሾፕ ከፈተች፤ ዋይናይናም እየሄደ አብሯት አስተማረ። በ2019 እስኪያርፍም ድረስ የሰው ረቂቅ ማንበብና ሰውን «ጻፍ» እያሉ መነዝነዝ የእሱ ሙያ ነበር ማለት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ የተጀመረ የመነባበብ ልማድ ናይሮቢና ሌጎስ ላይ ጠረጴዛ ሆነ።

እኛስ ያኔ የት ነበርን? የመጀመሪያው ሰበባችን ፊደላችን ነው፤ እውነትም አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው፤ ካገኘነው በኋላም የየቤታችን ኮምፒውተር እስኪያነበው ዓመታት ፈጀ። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ታሪክ በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይሆናል። አማርኛችንን በላቲን ፊደል እየጻፍን ሰላምታ መለዋወጥ እንችል ነበር፤ ባለ 20 ገጽ አጭር ልብ ወለድ ግን በላቲን ፊደል አንብቦ የሚያርም ጀግና ከየት ይገኛል? በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ኬንያዊና ናይጄሪያዊ ወዳጆች ይህ ዕዳ አልነበረባቸውም።

ልማዱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ለብቻው ሲቆጥር ይውልና ሄዶ ይነግራል። የሚነግረው ሁልጊዜ ለመሪጌታው ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ጥቂት ቀድሞ የሄደ «አስነጋሪ» የሚባል ተማሪ አለ። አስነጋሪው የታናሹን ቅኔ እየሰማ፣ የተሰበረውን እያቃና፣ ራሱ ደግሞ ወደ ላይ ወደ መወድሱ ይወጣል። «ሁሉም ነገር የተጀመረው እኛ ጋ ነው» ልንል አልፈለግንም፤ እሱ የሰለቸን ፉከራ ነው። ያልነው፣ እየሰሙ መማርን አያቶቻችን ያውቁበት ነበር ነው።

ዛሬ የፊደሉ ሰበብ የለም። ማንኛውም ስልክ ግዕዝ ይጽፋል። በቴሌግራም የግጥም ቡድን ሞልቷል። አንዱ ግጥም ይለጥፋል፤ ከሥሩ «ምርጥ!»፣ «ብዕርህ ይባረክ!» ይደረደራል፣ ከዚያ ቀጣዩ የራሱን ይለጥፋል። ሁሉም ይጽፋል፤ የሚያነብ የለም። የኮነቲከቱ ትምህርት ቤት ቢያንስ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ እኛ በነጻ ነው የምንሸነጋገለው።

አሁን ወደ ኑዛዜው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጃችን 14 ገጽ አጭር ልብ ወለድ ላከልን። ከመካከላችን ሦስታችን ደረሰን። ሦስታችንም «አሪፍ ነው፣ በርታ!» ብለን መለስን። ከሦስታችን እስከ መጨረሻው ያነበበው ማንም እንደሌለ የተማመንነው ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው። ወዳጃችን ሁለተኛ ጽሑፍ አልላከልንም፤ መጻፍ ማቆሙንም በቀደም ነገረን። «አሪፍ ነው ስትሉኝ ነው ያልተነበበ መሆኑን ያወቅሁት» አለ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በመካከላችን አንድ ደንብ አውጥተናል፤ ከዞትሮፕ የተዋስነው ነው። አምስት ያላነበበ አንድ አያወጣም። ያነበበም የት እንደሰለቸው በስም ጠርቶ፣ ገጽ ጠቅሶ ይጻፍ። «አሪፍ ነው» እንደ አስተያየት አይቆጠርም።

የወዳጃችን 14 ገጽ ኢሜይላችን ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ዕዳ እሱ ነው።