ግዕዛን በጣና ዳር

ከመሸንቲ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ባሕር ዳርን አልፎ ጣና ዳር ይደርሳል፤ ወደ ደቡብ የሚጓዝም አገው ምድር ይገባል። በዚህ አገር አማራው፥ አገውና ወይጦው በጉርብትና ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ነገር ግን የጉርብትናው ክብር ለሁሉ እኩል አልነበረም።

ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፥ ዓሣ የሚያጠምዱ፥ ቀድሞም ጉማሬ የሚያድኑ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፏል፤ ያ ቋንቋ ዛሬ ጠፍቷል። ክርስቲያኑም እስላሙም ጉማሬ ይበላሉ ሲል ከማዕዱ አራቃቸው። የደንገል ታንኳ ወደ ደሴት ገዳማት መነኮሳትንና እህልን ሲያደርስ፥ ታንኳውን የሠራው እጅ ግን ርኩስ ተባለ። ይህ የባርነት ሰንሰለት አይደለም፤ ሰውን ግን በተወለደበት አገር ባይተዋር ያደርገዋል።

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። አዋጅ ሰንሰለት ይፈታል፤ የተናቀውን ሰው ከጎረቤቱ ቤት አስገብቶ ማስቀመጥ ግን የአዋጅ ሥራ አይደለም።

ነፃነት በግዕዝ ግዕዛን ይባላል፤ ይኸው ቃል ክፉውን ከበጎው የሚለየውን ልቡናም ያመለክታል። ስለዚህ የሚናቀው ሰው ብቻ ሳይሆን፥ የሚንቀውም ከልማዱ እስኪፈታ ድረስ ነፃ አልወጣም። ሕግ ለሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን የሰጠውን ነፃነት፥ እያንዳንዱ ሰው ለጎረቤቱ ወንበር በለቀቀ ጊዜ ይፈጽመዋል።